«አባባ፣ ት አለቀ!»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ተከራይቼ ነው። አራት ኪሎ ጥግ ይዞ ጋዜጣ የሚያከራይ ልጅ አለ። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከፊት ገጽ እስከ ስፖርቱ እጨርስና እመልስለታለሁ። ባልገዛችሁም አንባቢያችሁ ነኝ፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ደጋግማችሁ የምትጽፉት ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ቁጥሩን ሁላችንም ሸምድደነዋል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ባለሙያው ተናገረ፣ ወላጁ ተናገረ፣ ኩረጃው ተነሳ፣ መምህሩ ተወቀሰ። እኔ ስለ 12ኛ ክፍል የማውቀው የለኝም። ግን አምና ማክሰኞና ሐሙስ አንድ 1ኛ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ከርሜያለሁ። ስለ 1ኛ ክፍል ልንገራችሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። 69 ዓመቴ ነው። ሙያዬ ፊደል ለቃሚ ነበር። የአሁን ልጆች ይህን ሥራ አያውቁትም። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጋዜጣና መጽሐፍ ሲታተም ፊደሎቹ ከእርሳስ የተሠሩ ነበሩ። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፣ ብረቱን ነው። ፊደል ለቃሚው ከሳጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳ ቃል ይደረድራል። እንደ ማኅተም በግልባጭ የተቀረጹ ስለሆኑ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረው ነው የምታያቸው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ1968 ነው። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ወደ እርማት ክፍል አዛወሩኝ፤ ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። ይህን የምላችሁ ለወሬ ማሟያ አይደለም፣ ኋላ ይጠቅመኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ። የልጄ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት። እናቷ 12 ሰዓት ላይ ለሥራ ስለምትወጣ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። መንገዳችን በፒያሳው ሰባ ደረጃ በኩል ነው። ሚጣ ስንወጣ ትቆጥራለች። አንድ ቀን 61 ይሆናል፣ አንድ ቀን 83። ደረጃው ጨምሮ ቀንሶ አይደለም። ቸኩላ ሁለቱን ባንዴ የዘለለች ቀን ይቀንሳል። ሌላ ቀን ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ጋ ደርሳ ትንፋሿን ትሰበስብና «ሃምሳ!» ብላ ትቀጥላለች። እኔ አላርማትም ነበር። መቁጠሯ ራሱ ደስ ይለኛል።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ወር «ማንበብ ቻልኩ» ብላ መጣች። ቤቱ ደስ አለው። እናቷ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ። ሚጣ መጽሐፏን ከፈተች። ስለ ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ የሚያወራ አጭር ምንባብ ነው። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ወለም ዘለም ሳትል ወረደችው። ጎረቤት አጨበጨበ።

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ጣቷ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፣ አፏ ሦስተኛው ላይ። ሌላ ሰው ይህን አያይም። እርማት ክፍል ሳለሁ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ይከተል ስለነበር ዓይኔ ለምዶበታል። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ መሃል ያለች አንዲት ቃል አሳየኋትና «ይቺስ?» አልኳት። ዝም። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በለሆሳስ እየወረደች መጣችና «ጥሬ!» አለች። ምንባቡን በቃሏ ይዛዋለች። እንደ መዝሙር።

በማግስቱ ማንም በሌለበት ወረቀት ላይ «ን» ብዬ ጻፍኩላት። ብቻዋን። አየቻት። ወረቀቱን አዙራ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፊደል ገበታ ሄደች። የ«ነ»ን ቤት ፈልጋ አገኘች። በጣቷ እየነካች «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና፣ ኔ...» አለችና የምትመስለውን ስታገኝ ዞራ «ን!» ብላ ሳቀች።

በዚያ ሳቅ ልቤ ተነካ። ሰነፍ አይደለችም፤ እንዲያውም ብልህ ናት፣ መውጫ ዘዴ አግኝታለች። ግን የእሷ ፊደል የሚኖረው ገበታው ላይ ነው። ከገበታው ሲወርድ አታውቀውም። ጎረቤትህን በቤቱ ቁጥር ብቻ እንደማወቅ ማለት ነው፤ አትክልት ተራ ብታገኘው ሰላም ሳትለው ታልፋለህ።

እኔም የጀመርኩት በዜማ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ የኔታ ዘንድ፣ በስንደዶ እየነካን ሀ ሁ ሂ ሃ እያልን። ነገር ግን የኔታ ሀሁን እንደጨረስን አቡጊዳ ይሰጡናል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ያኔ ይህን ነገር ልጅ ለማሰቃየት የፈጠሩት ይመስለኝ ነበር። ጥቅሙ የገባኝ ፊደል ለቃሚ ከሆንኩ በኋላ ነው። ተራው ሆነ ተብሎ የተበተነ ነው። አንዱ ቤት ግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያ ፊደሉን ያዋጣል፣ የሚቀጥለው ካዕቡን፣ ሁለተኛውን፣ የሚቀጥለው ሣልሱን፣ ሦስተኛውን። ሀሁን በዜማ ያመለጠ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይያዛል። ደግሞ የኔታ ሁላችንንም ለየብቻ ያስነብቡን ነበር። እሳቸው ካልደረሱልን ዳዊት የጀመረው ትልቁ ልጅ ያስነብበናል። ሳያነብ የሚውል ልጅ የለም።

የድሮውን ላወድስ አይደለም የተነሳሁት። አለንጋውን አልረሳሁትም። የተቆነጠጠው ጆሮዬ እስከ ዛሬ የሚያሳክከኝ ይመስለኛል።

በወላጆች ስብሰባ ቀን የሚጣን ነገር ለመምህርቷ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «አውቀዋለሁ እኮ አባባ» አለችኝ። «እሷ ብቻ አይደለችም። ግን 57 ናቸው። መቼ ልድረስላቸው?»

ቤት ሄጄ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለ57 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 42 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ያውም ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠፋ፣ «ቲቸር ሽንት ቤት» ሳይባል፣ ላጲስ የተወሰደበት ሳያለቅስ። በ42 ሴኮንድ እኔ የጫማዬን ክር አስሬ አልጨርስም።

ይህ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የታችኛው ክፍል ልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። አዲስ አበባ ከሌላው ትሻል ነበር። የዚያን ጊዜው የ2ኛ ክፍል ልጅ መንገድ ላይ ሳይቀር ከሄደ በ2012 12ኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው። ስለ ፈተናው ስትጽፉ ይህን የምታስታውሱ ስለማይመስለኝ ነው ያነሳሁት።

ታዲያ ለመምህርቷ «እኔ መጥቼ ላስነብብልሽ» አልኳት። ደስ አላት። ጥበቃው አላስገባም አለ። ጽሕፈት ቤቱ ከወረዳ ደብዳቤ ያምጡ አለኝ። ወረዳው መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይጠይቀን አለኝ። ትምህርት ቤቱ ያለ ወረዳው ደብዳቤ አንጠይቅም አለ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስመላለስ ቆየሁ። በመጨረሻ ያስገባኝ ደብዳቤ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ለስንተኛ ጊዜ ሲያገኙኝ «አባት፣ አሁንም አልሄዱም?» ብለው ሳቁና ይግቡ አሉ። ጥበቃው ግን ልክ ነበር። የልጆች ግቢ ለመጣ ሰው ሁሉ ወለል ብሎ አይከፈትም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥበቃው ሲያየኝ «የኔታ ደረሱ!» እያለ ያሾፍብኛል።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ምንም ሳልሠራ ከኋላ ተቀምጬ ብቻ አየሁ። ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ዴስክ ነው። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ሲጽፍ አንድ እግሩ ውጭ ነው። ግድግዳው ላይ ማዳበሪያ ላይ በቀለም የተሣሉ የትምህርት መርጃዎች ተሰቅለዋል፤ የሰውነት ክፍሎች፣ ፍራፍሬ፣ የቤት እንስሳት። እንዳይቀደዱ ተብሎ ከልጆቹ ቁመት በላይ ናቸው። የክፍል አለቃው አንድ ደንዳና ልጅ ነው። የረባሽ ስም እንዲይዝ ታዟል፣ መጻፍ ግን ገና አልቻለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምልክት አውጥቶለታል። ኳስ የሣለበት አንዱ ነው፣ ጆሮ የሣለበት ሌላው። ደብተሩን አሳየኝ። ወረቀቱ በጆሮ ተሞልቷል።

መምህርቷ ጎበዝ ናት። ይህን ሳልል ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ቁጥር የምታስተምረው በቆርኪ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው ያመጡት የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፣ ታጥቦ በፌስታል የተቀመጠ። ስምንት ሲደመር አምስት ትላለች። ስምንቱ በአንድ ወገን፣ አምስቱ በአንድ ወገን። «ስምንቱ አሥር እንዲሞላ ከአምስቱ ስንት ልውሰድ?» ሃምሳ ልጅ ባንዴ ይጮኻል። ሁለት ቆርኪ ትገፋለች። አሥር ሞላ፣ ሦስት ተረፈ። አሥራ ሦስት። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳል፤ አሥራ ሦስት ስሙ ራሱ አሥርና ሦስት ነው። ሃያ ላይ ነው የሚከዳን። ሃያ ከሁለት ጋር በጆሮ አይገናኝም። ሠላሳም ከሦስት ጋር እንዲሁ ለልጅ ጆሮ ሩቅ ነው። ሚጣ ደረጃው ላይ የምትሳሳተው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አሁን ስንወጣ አሥር በደረስን ቁጥር አንዲት ቆርኪ ኪሷ ትከታለች።

አንድ ልጅ አለ። እናቱ ቆሎ ትሸጣለች፤ ከትምህርት በኋላ እሱም አጠገቧ ነው። ሰሌዳ ላይ አሥር ሲቀነስ ሰባት ተጻፈለት። ጠመኔውን ይዞ ቆየና 17 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ጠመኔውን ተቀበለችው። «ቆሎ ስጠኝ» አለችው። ልጁ ፈገግ አለ። «የሰባት ብር ስጠኝ። ይኸው አሥር ብር።» እጇን ዘረጋች። ልጁ ወዲያው «መልስ ሦስት ብር» አለና ከሌለ ኪሱ ቆጥሮ ሰጣት። ከዚያ ራሱ ዞሮ 17ቱን በእጁ ጠረገና 3 ብሎ ጻፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ። አስተማሪ እንዳልሆንኩ ያስታውቅብኛል።

ስለ ምገባው ብዙ አልልም። ልጅ በልቶ ሲማር ሌላ ልጅ ነው። አንድ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እነዚያን ፊቶች አይቶ «ምገባ ምን ያደርጋል» ቢል ከእኔ ጋር ይጣላል።

ወደ ፊደሉ ልመለስ። ሦስተኛው ቀን ላይ የራሴን ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ከሱቅ ካርቶን ለምኜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ ቁራጮች ሠራሁ። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍኩ። 231ዱን ሁሉ አይደለም። የትኛውን ላብዛ ብዬ ሳስብ የድሮ ሥራዬ መጣብኝ። ማተሚያ ቤት እያለን ፊደል ሁሉ እኩል አያልቅም። «ጴ» ዓመት ቢቀመጥ የሚነካው የለም። ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ሳድስ፣ የየቤቱ ስድስተኛ ፊደል ነው። ን፣ ት፣ ም፣ ር፣ ል። እነዚህ እጅ ላይ ቅርብ በሆነው የሳጥኑ ክፍል ነበር የሚቀመጡት። ማታ ማታ «ት አለቀ!» የሚል ጩኸት ከወዲያ ጥግ ይሰማል። የተለቀመ ገጽ ታትሞ እስኪበተን ሥራ ይቆማል።

አሁን የልጆቹን ገበታ ተመልከቱ። ሳድስ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ልጁ በዜማ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል፣ ድምፁ ወርዷል፣ ሳብዑ ላይ ለመጮህ እየተዘጋጀ ነው። መልኩም ከሁሉ የከፋ ነው። ካዕብ አብዛኛው ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ሳድስ ግን ሕግ የለውም። አንዱ አንገቱን ይሰብራል፣ አንዱ ጉልበቱን ያጥፋል፣ አንዱ ጎኑ ላይ እሾህ ያወጣል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ከሁሉ በታች እናውቀዋለን። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት። አምስት ፊደል ነው፣ አምስቱም ሳድስ። «ክፍል» ሦስቱም ሳድስ። «ልጅ» ሁለቱም ሳድስ። ገበታውን እያዜመ የሚውል ልጅ «ትምህርት»ን ለማንበብ አምስት ጊዜ ከግዕዝ ተነስቶ ወደ ሳድስ መሄድ አለበት።

ስለዚህ ሳድሱን አበዛሁ። ከመምህርቷ ጋር ተስማማን። ከክፍሉ በር ውጭ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እሷ እያየችን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አራት አራት ልጅ ትልክልኛለች። ካርቶኖቹ በጫማ ሳጥን ውስጥ በየቤታቸው ተከፋፍለዋል፣ ልክ እንደ ድሮው ሳጥኔ። ቃል እናገራለሁ፤ ልጁ ይለቅማል። ዜማ የለም። ዘፈን የጀመረ ልጅ ካለ «እዚህ አይዘፈንም፣ እዚህ ይለቀማል» እላለሁ፤ ይስቃሉ።

የመጀመሪያው ቀን ምስቅልቅል ነበር። «ብር» ብዬ «ቡር» ለቀሙ። «ብ» እና «ቡ»ን ጎን ለጎን አስቀምጠን አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ቅጥያ እንዳለው በጣት እየነካን አየን። አንዷ ልጅ «ይሄ ቦርሳውን በዚህ ይዟል፣ ይሄ በዚህ» አለች። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ «ቦርሳው በየት በኩል ነው?» የታወቀ ጥያቄ ሆነ። እኔ በስንት ዓመት ልቀማ ያልታየኝን ነገር ነው ያሳየችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት «ትምህርት»ን አዘዝኳቸው። ሁለት ልጆች አብረው እየለቀሙ ነበር። ት፣ ም፣ ህ፣ ር። ከዚያ ቆሙ። ሳጥኑን በረበሩ፣ ከአግዳሚው ስር አዩ። አንደኛው ቀና ብሎ ኮሪደሩን በሚያናውጥ ድምፅ፦

«አባባ፣ ት አለቀ!»

አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያንን ጩኸት ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው! ከእኔ ጋር ይሠሩ ከነበሩት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ልጁ ያለቀስኩት ስላጠፋ መስሎት «እኔ አልወሰድኩም» አለ። ሌሊቱን 20 «ት» ስቆርጥ አመሸሁ።

ለየብቻ ማስነበቡ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ፊደሉን ለይቶ ቃሉን የማያውቅ ልጅ አለ። አንዱ «ጉልቻ» የሚለውን ቃል ጥርት አድርጎ አነበበልኝ። «ምንድነው ጉልቻ?» አልኩት። አሰበ። «ሰርግ ላይ የሚባል ነው» አለ። ልክ ነው፣ ሰርግ ላይ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቤታቸው ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው። ሌላዋ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ አይሰማም ነበር። ክፍል ውስጥ ከ56 ልጅ ጋር ስትጮህ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ለካ ቤት የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፣ አማርኛው ገና ነው። አግዳሚው ላይ ለብቻዋ ስትሆን በጆሮዬ ሥር ታነብልኛለች። አንብባ ስትጨርስ ቃሉ በቤቷ ቋንቋ ምን እንደሚባል እጠይቃታለሁ። እሷ ታስተምረኛለች፣ እኔ እሳሳታለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ የሄዱ ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዶቹ ልጃቸውን ከትምህርት ቤቱ አላስወጡም። ከከተማው ዳር፣ ከገላን ጉራ የሚመጣ አንድ ልጅ አለ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ድፍት ይላል። መምህርቷ አትቀሰቅሰውም፣ በሁለተኛው ወደ እኔ ትልከዋለች። የእሱን ተራ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እናደርገዋለን።

ከመንግሥት ገንዘብ አልጠይቅም። ተጨማሪ ክፍል ሠርታችሁ 57ቱን ለሁለት ክፈሉልን ብል የተሻለ ነበር፣ ግን ያ መቼ እንደሚሆን እንጃ። እስከዚያው ልጆቹ እያደጉ ነው። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። በየሰፈሩ ጡረተኛ አለ። በእኔ መንደር ብቻ አንዲት ነርስ የነበሩ እናት፣ አንድ ባንክ ቤት የሠሩ ሰው፣ ደግሞ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና በወጣትነታቸው ገጠር ዘምተው ገበሬ ያስተማሩ ወይዘሮ አሉ። ያንን ዘመቻ ዩኔስኮ ሸልሞታል። ከአስተማሪዎቹ መካከል ገና ተማሪ የነበሩ ልጆች ጭምር ነበሩ። ዛሬ እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ተከታታይ ፊልም ያያሉ። እንዲያስተምሩ አይደለም የምለው፣ ማስተማሩ የመምህሩ ነው። ቁጭ ብለው ያዳምጡ። አንድ ልጅ በሳምንት አምስት ደቂቃ እንኳ ለብቻው ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ይኑረው።

ደንብ ይውጣለት። ማንነቱ ይጣራ፣ ወረዳው ያውቀው፣ በር ክፍት ይሁን፣ ማንም ለብቻው ልጅ ይዞ ክፍል አይግባ። ዱላ የሚወድ አይምጣ። የቤት ሥራ የሚሠራለትም አይምጣ። ብቻ ፈቃዱ በሦስት ሳምንት ምልልስ ሳይሆን በአንድ ገጽ ፎርም ይለቅ። ርዕሰ መምህሩ ቢፈልጉ ብቻ የሚሆን ነገር መሆን የለበትም። ነገ እሳቸው ቢዛወሩ እኔም በሩ ላይ ነኝ።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልበል። ጎረቤቴ ልጇን የምታስተምረው በግል ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። በአማርኛ የራሱን ስም አሳየሁት፣ አላወቀውም። እናቱ «እሱ ይደርስበታል» አለችኝ። እኔ አልተከራከርኩም፣ ቡናዋ ጥሩ ነው። ግን እናንተ ልጃችሁ «አነበብኩ» ሲላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑና መሃል ያለችውን ቃል ጠይቁት። ካላወቀም አትቆጡ። ፊደል አሥር ጊዜ ገልብጥ አትበሉት። ሚጣ የመጀመሪያው ወር ላይ ሁለት ገጽ «ቀ ቁ ቂ» ገልብጣ ጣቷ ላይ ጉድጓድ ነበር፣ ግን «ቅ»ን ብቻዋን ብታይ አትለያትም ነበር።

አሁን ሚጣ 2ኛ ክፍል ናት። ጋዜጣችሁን ስከራይ አጠገቤ ትቀመጥና ርዕሶቹን ታነባለች። ባለፈው «የዋጋ ንረት» የሚለውን አንብባ «ንረት ምንድነው?» አለችኝ። የሚያከራየው ልጅ ቀድሞኝ «ጋዜጣ የማከራይበት ዋጋ ነው» አላት።

የዘንድሮው 1ኛ ክፍል 61 ልጅ ነው። ካርቶኖቹ ብዙ እጅ ስለነካቸው ላልተዋል። የብስኩት ካርቶን ቶሎ ይታጠፋል፤ ጠንካራው የጫማ ካርቶን ነው። ፒያሳ አካባቢ ጫማ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ባዶ ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት ለዝግጅት ክፍሉ ብትነግሩ እኔው መጥቼ እወስዳለሁ። መቀስ አለኝ። በተለይ ለ«ት» ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው ፊደል ለቃሚ፣ ከፒያሳ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)